ሐሳብም ቀጠሮ ይያዝለት!

ለመሆኑ በዚህች በአዲስ አበባችን ያለ ክፍያ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ መታወቂያ ለሁሉም እኩል የሚታደለው ነገር ምንድን ነው? ውኃው በፈረቃ ነው፤ ታክሲው በሰልፍ ነው። ይሄኛው ግን እንደልብ ነው። «አታስብ!» ይባላል። ሥራ ሲፈልግ ጫማው ላለቀ ጎረምሳ «አታስብ»፤ ፈተና ወድቃ ቤት ለተቀመጠች ልጅ «አታስቢ»፤ ኪራይ ለተጨመረበት አባወራ «አይዞህ ወንድሜ፣ አታስብ»። መካሪው ይህቺን ጣል አድርጎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ተመካሪው ደግሞ ምክሩን ይዞ ቤቱ ይገባና ኮርኒሱ ላይ እንዳፈጠጠ ያድራል።

ምክሩ ከክፋት የመጣ ነው አልልም። ችግሩ አለመሥራቱ ነው! የማይሠራበትም ምክንያት አለው። እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። ጋዜጣውን አጠፍ አድርጉና ለአንድ ደቂቃ ያህል የፈለጋችሁትን አስቡ፤ ስለ ነጭ ድብ ብቻ እንዳታስቡ።

አያችሁ አይደል? በዕድሜዋ ድብ አይታ የማታውቅ የጉለሌ ልጅ እንኳ በዚህች ደቂቃ ውስጥ ድቡ ደጋግሞ ይመጣባታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ሞክሮት ነበር። «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ከመጣባችሁ ግን ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ መጮሁን አላቋረጠም። የሚገርመው ደግሞ የቀጠለው ነው። «በሉ አሁን አስቡ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ተማሪዎች ይልቅ እነሱ ድብ በድብ ሆነው ተገኙ። የታፈነ ነገር ሲከፈት ገንፍሎ ነው የሚወጣው።

እናም ዛሬ የማወጋችሁ ሐሳብን ስለማባረር አይደለም። ቀጠሮ ስለ ማስያዝ ነው።

በነገራችን ላይ ቋንቋችንም በዚህ በኩል ትንሽ ያጭበረብረናል። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ሐሳብ አለኝ» የሚለውም፣ እህል አልወርድ ብሎት «ሐሳብ ገባኝ» የሚለውም በአንድ ቃል ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ ሌሊት ስንገላበጥ ቁም ነገር የምንሠራ ይመስለናል። እያሰብን ነዋ! መላ እየፈለግን ነዋ! ዳሩ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሐሳብ እህል እንዳልገባበት ወፍጮ ነው። ድምፁ ሰፈር ያውካል፤ ዱቄት ግን የለውም።

ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ልብ...

አንዲት የሰፈሬ ልጅ አለች። 26 ዓመቷ ነው፤ በአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት። ከጓደኛዋ ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ እንጂ የፈለግሽውን ጻፊ» ብላኛለች።

ይህቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሕመም ጀመራት። ሒሳብ እየሠራች እያለ በድንገት ልቧ ይመታል፤ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ሆዷ ይገለባበጣል፤ «አሁን ነው የምወድቀው» ትላለች። አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ «ታይፎይድ ነው» ተባለች። ጨርሳ ዋጠች። ሌላ ክሊኒክ ሄደች፤ «ጨጓራ ነው» ተባለች። በርበሬ አቆመች፣ ቡና አቆመች፣ ሽሮ እንኳ አቆመች። (እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ሳይመረምሩ ታይፎይድ፣ ሳይጠይቁ ጨጓራ የሚሉ ሰዎች ባይኖሩ ስንቱ ገንዘቡ በኪሱ በቀረለት!) ሦስተኛው ጋ የልብ ምርመራ አዘዙላት። ልቧ እንደ ሰዓት ነው፤ ምንም የለበትም።

የመጨረሻው ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው አሉ። ወረቀቱን ሁሉ አይተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። «ልጄ፣ ማታ ስንት ሰዓት ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ?»

ልጅቷ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ያስረዷት ነገር ለሁላችንም ይጠቅማል። ሰውነታችን ጅብ ቢመጣበት ወይ ለመሮጥ ወይ ለመታገል ይዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባለው ቅመም ደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ የሆድ ሥራ «ለጊዜው ይቆይ» ይባላል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ይህ ሁሉ ጅብ ለመጣበት ሰው ደግ ነው። ሰውነታችን ግን ጅብንና የቤት አከራይን አይለይም! ለሁለቱም ያንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ ጅቡ ወይ ይበላል ወይ ይሄዳል፤ ኪራይ ግን በየወሩ ነው።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ደርሶ ራሱ ይወርዳል። በዚያን ሰዓት የሚረዳው ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፤ አየሩን ሲያስገቡ በልክ፣ ሲያስወጡ ደግሞ ካስገቡበት ረዘም አድርጎ። ልጅቷ ካሽ ማሽኑ ጋ ቆማ ማንም ሳያውቅባት ታደርገዋለች። ሆኖም ይህ እሳቱን ለማጥፋት እንጂ ማገዶውን ለመቀነስ አይሆንም። ማገዶው ማታ ማታ ነው የሚሰበሰበው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁን ወደ ቀጠሮው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ ሐሳብ የሚያበዙ ተማሪዎችን ሰብስበው አንድ የሚያስቅ ነገር አዘዟቸው። «አትጨነቁ» አላሏቸውም። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተጨነቁ አሏቸው! በቀረው ሰዓት ሐሳብ ሲመጣ «ቀጠሮህ ማታ ነው» ብሎ መመለስ ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ በቀን ውስጥ በጭንቀት የሚያሳልፉት ጊዜ በግልጽ ቀነሰ። ይኸው ዘዴ እስከ ዛሬ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

ይህንን ለልጅቷ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ሐሳብ ቢሮ ከፍቷል እንዴ ቀጠሮ የሚያዝለት?» አለች። እኔ ራሴ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ክፍያዬ የሚገባበትን ቀን አዘጋጁም በትክክል የሚያውቀው አይመስለኝም፤ ስለዚህ ዘዴውን በራሴ ላይ ሞክሬው ነው የነገርኳት። በመጨረሻ ጓደኛዋ «ምን ታጪያለሽ? ብር አይጠየቅበት!» ስትላት ተስማማች።

ከሥራ ገብታ እግሯን ከታጠበች በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ30 ሆነ። ቦታው ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ ሮቶ አጠገብ፣ ዱካ ላይ። አልጋ ላይ ክልክል ነው! ይህንን አጥብቄ የምናገረው አልጋ ላይ የሚያስብ ሰው አልጋውን ከሐሳብ ጋር ስለሚያላምደው ነው፤ ገና ጋደም ሲል ሐሳቡ ይነሳል። ሰዓቱም ከመኝታ ራቅ ቢል ይሻላል። አንድ የ50 ሉክ ደብተር ገዛች። ቀን ሐሳብ ሲመጣባት በአንዲት ቃል ብቻ ትጽፈዋለች፤ «ኪራይ»፣ «ጉድለት»፣ «እናቴ»። ከዚያ ወደ ሥራዋ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያስቃል። ቀኑን ሙሉ ሲጎተጉታት የዋለው ሐሳብ ዱካው ላይ ስትቀመጥ ድራሹ ጠፋ። «ና እንጂ!» እያለች ሰማይ ሰማይ ስታይ አከራይዋ «ልጄ፣ ምን ጠፋሽ?» አሏት። ሐሳብ ሲከለክሉት እንጂ ሲጠሩት እንደማይመጣ ያን ቀን ገባት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከበድ ያሉት መጡ። ያኔ ነው ገጹን ለሁለት የከፈለችው። በግራ «እጄ ያለበት»፣ በቀኝ «እጄ የሌለበት»።

ለምሳሌ ጉድለት። ካሸር የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለው ከደመወዝ ይቆረጣል። በዚያ ላይ የቴሌብርና የባንክ ክፍያው አለ። ደንበኛው ስልኩን ያሳይና «ልኬያለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ገባ አልገባ የሚታወቀው በኋላ ነው። ይህ «እጄ ያለበት» ውስጥ ገባ። ስለዚህ ሒሳቡን ማታ ብቻ ሳይሆን እኩለ ቀን ላይም ትቆጥራለች፤ መልእክቱ በድርጅቱ ስልክ ሳይገባ ዕቃ አታስወጣም። ጉድለቱ ጨርሶ አልጠፋም። ሌሊት ሌሊት መቁጠሯ ግን ቀረ።

ኪራዩ ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። አከራይዋ «ከመስከረም ጀምሮ እጨምራለሁ» ብለዋል። ስንት? አልተናገሩም። እንግዲህ ይህቺ ስንት የምትባለዋ ነገር ናት ልጅቷን የገደለቻት። የማይታወቅ ቁጥር ሌሊት ላይ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በዱካው ላይ ሆና ስታስበው ሁለት የምታደርጋቸው ነገሮች እንዳሉ አየች፤ ሕጉን ማወቅና ሴትየዋን መጠየቅ። ሕጉን እኔ ነገርኳት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው መጠን እንዳያልፍ ይደነግጋል። ሴትየዋን መጠየቁ ግን የእሷ ነው። «እትዬ፣ ቡና ላፍላልዎት?» ብላ ገባች።

ምን ቢገጥማት ጥሩ ነው? እትዬም እንቅልፍ የላቸውም! ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ይነሳል የሚል ወሬ ሰምተው «ቤቱ ከፈረሰ በምን እኖራለሁ» እያሉ ኖሯል ሊጨምሩ ያሰቡት። አንዲት ግድግዳ ለያይታቸው ሁለቱም ኮርኒስ ላይ አፍጥጠው ሲያድሩ ከርመዋል። ጭማሪው አልቀረም፤ ነገር ግን ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ከቆለለችው ከግማሽም ያነሰ ሆነ። ውሉንም ወረዳ ሄደው አብረው አስመዘገቡ።

እውነት ሁሉም ከንቱ ነው?

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስለ ጭንቀት የሚጽፉ ሰዎች አንድ የሚወዱት ነገር አለ፤ «የምትጨነቁበት ነገር አይደርስም» ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያው ከፔንሲልቫኒያ ስቴት የወጣ ጥናት በጭንቀት ሕመም የተያዙ 29 ሰዎች የሚያስጨንቃቸውን ነገር ለ10 ቀናት እንዲጽፉ አድርጎ፣ ከዚያ የደረሰውንና ያልደረሰውን እስከ 30 ቀን ተከታትሏል። ከተጻፈው ውስጥ 91.4 በመቶው ሳይደርስ ቀረ! አለመድረሱን በዓይናቸው ያዩትም ይበልጥ ተሻላቸው።

ቁጥሩ ደስ ይላል። እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። በእኛ አገር የሚደርስ ሐሳብም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። «እወድቅ ይሆን?» ብሎ የፈራውን ልጅ «ከንቱ ሐሳብ ነው» ልንለው ነው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዘይት ይወደዳል ብላ የሰጋች እናት ነቢይ እንጂ በሽተኛ አልነበረችም።

ስለዚህ ደብተሩ የሚጠቅመው ሐሳባችን ውሸት መሆኑን ስለሚነግረን አይደለም፤ እውነቱንና ሐሰቱን ስለሚለይልን ነው። ልጅቷ ከወር በኋላ ወደ ኋላ ገልጣ ስታይ የደረሱባት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የደረሱትም ቢሆኑ ሌሊት በሳለቻቸው መልክ አልደረሱም። ኪራዩን አይታችሁታል።

ስለ ቡና፣ ስለ ጫትና ስለ ፍሬዋ ኪኒን

ቡና ላይ ብዙ አልፈርድም፤ ያለ ቡና ማን ያወራል? ነገር ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እኩሌታው ገና ውስጣችሁ ነው። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላላችሁ፤ እምቢ ያላችሁ እንቅልፉ ሳይሆን ሦስተኛው በረካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሷል።

ጫት ግን ሌላ ነው። «ሐሳቤን ያስረሳኛል» የሚሉ ወንድሞቼን አውቃለሁ። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ በምርቃናው ሰዓት ሰው ሁሉ ባለፎቅ፣ ባለመኪና ነው። ማታ ሲወርድ ግን ያ ሁሉ ፎቅ በላዩ ላይ ይናዳል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ የለም፣ ድብርት ይመጣል። ሊያስረሳው የነበረው ሐሳብ ወለድ ጨምሮ ይመለሳል። ያንን ለመስበር ደግሞ መጠጥ ይጨመራል። ጭንቀት ያለበት ሰው ጫት ቢቀርበት ምን ያህል እንደሚቀለው የሚያውቀው ያቆመ ብቻ ነው።

ከሁሉም የምፈራው ግን ከሰው ቦርሳ ወደ ሰው ቦርሳ የምትዞረዋን ፍሬ ነው። «ይቺን ዋጪና ተኚ» ተብላ የምትሰጠው ቫሊየምና ዘመዶቿ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ፤ ከመጠጥ ጋር ከሆነ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳሉ። የጓደኛ ፍሬ አትዋጡ!

ስልኩንስ? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዜና እያገላበጡ «ለምን ፈራሁ» ማለት የለም። በምትኩ አንድ ቀላል ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ያህል «ነገና ከነገ ወዲያ የምሠራው» ብለው እንዲጽፉ፣ ለሌሎቹ ደግሞ የሠሩትን እንዲጽፉ አደረጉ። ነገ የሚሠሩትን የጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው አንቀላፉ። ዝርዝሩ ብዙና ግልጽ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ፈጠኑ። ወረቀቱ ያስታውሰዋልና አእምሮ ዘብ መቆሙን ይተዋል።

ደብተር የማይበቃው ጊዜ

ይህን ሁሉ ስል ደብተርና ዱካ የማይመልሱት ነገር እንዳለ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በብዙ ነገር ላይ መጨነቅና ልቆጣጠረው ብሎ አለመቻል፤ ከዚያ ጋር ዕረፍት ማጣት፣ ቶሎ መድከም፣ ነገር አለመያዝ፣ በትንሹ መቆጣት፣ የጡንቻ መወጠር፣ የእንቅልፍ መዛባት ካለ ይህ ጠባይ ሳይሆን ሕመም ነው። ሕክምናም አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም። ሥራ ወይም ትምህርት ካስቀረ ስድስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ያንኑ ዕለት ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ ያንኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የነገራችሁን ጓደኛ ብቻውን አትተዉት።

«አማኑኤል» የሚለውን ስም ስድብ አድርገን ስላሳደግነው ብዙ ሰው ደጁን ለመርገጥ ያፍራል። አማኑኤል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ከሚሰለፉት ውስጥም እንደኔና እንደናንተ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ሞልቷል። ዛሬ ደግሞ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጥርሱን ያመመው ሰው የጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ማን ሳቀ?

ሐኪም ጋ ያልደረሰ ደግሞ ጎረቤት አለው። ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ ለዚህ ነገር «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አላቸው፤ «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። የእኛኑ አይመስልም? ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ ከአጠገባቸው ይቀመጣል። «አታስብ» አይሉትም። ችግሮቹን ዘርዝሮ እንዲነግራቸው፣ ከዚያ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለአንዱም አንድ የሚሠራ ነገር እንዲወስን ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በጣም የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። እኛም አግዳሚ አናጣ፣ ቡና አናጣ፣ እትዬም አናጣ። የጎደለው «ከሁሉ የከበደሽ የትኛው ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ብሎ መስማት ነው።

እኔም ልጅቷን ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። ኪራይ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ከፍታ የቀኙን ገጽ አሳየችኝ፤ «እጄ የሌለበት» የሚለውን። አንድ ቃል ብቻ ነበረበት። «ታናሼ»።

ወንድሟ 19 ዓመቱ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደረሰ፤ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ የሚባለው መንገድ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከየመን ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ለዚህ ምን ይባላል? «አይደርስም» ይባላል? «አታስቢ» ይባላል? ከዚህ ገጽ ወደ ግራ የተሻገረች አንዲት ነገር ብቻ ናት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለውና፣ ሄዳ ስሙን፣ የመጨረሻውን ጥሪ ቀንና የደወለበትን ቦታ አስመዘገበች። የቀረው በቀኙ ገጽ እንዳለ ነው።

እናቷ ኮምቦልቻ ናቸው። ቀድሞ በየማታው፣ ልክ ልትተኛ ስትል ይደውሉ ነበር። «ሰማሽ ወይ?» ይላሉ። «አልሰማሁም እማዬ፣ አታስቢ» ትላለች። ስልኩ ይዘጋል፤ ሁለቱም አይተኙም። አሁን እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ራሷ ትደውልላቸዋለች። ያቺ ግማሽ ሰዓት የእሱ ናት። ሕፃን ሳለ ምን ይወድ እንደነበር ያነሳሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ጎረቤት ያመጣውን ወሬ እውነትነት ይመዝናሉ፤ ቀይ መስቀል ስለሄደችበት ቀን ትነግራቸዋለች። በሌሎቹ ቀናት ሲደውሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ያወራሉ። ባለፈው ሳምንት እናቷ ስለ አንዲት እምቢ ያለች ፍየላቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሯት አሉ። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር።